ምንጩ በሚያዝያ ይለካ

በስማዳ ወረዳ ደቡባዊ ጫፍ ከአፋፉ ላይ ለቆመ ሰው ዓባይ ከእግሩ ሥር ነው። በምሥራቅ በኩል በሽሎ ገደሉን ተከትሎ ይወርዳል። እዚያው አፋፍ ላይ ባሉት ቀበሌዎች ግን ሚያዝያ ሲገባ እናቶች ጀሪካን አዝለው ገና ሳይነጋ ይነሳሉ፤ ከምንጭ ዳር ወረፋ ይይዛሉ። “የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው” የሚለው ብሂል ለሩቅ ሰው ተረት ነው፤ ለስማዳ፣ ለጋይንትና ለእስቴ አርሶ አደር ግን የበጋ ኑሮው ነው።

ነገሩ እንግዳ የሚመስለው ካርታውን ለሚያይ ሰው ነው። ከ4 ሺህ 100 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው የጉና ተራራ ምዕራባዊ ተዳፋት ርብና ጉማራ ተነሥተው ወደ ጣና ይሄዳሉ። በእስቴ በኩል ዋንቃ ወደ ዓባይ ይወርዳል። የስማዳና የታች ጋይንት ውኃ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ፣ የላይ ጋይንት ሰሜናዊ ክፍል ውኃ ደግሞ ወደ ተከዜ ይፈስሳል። አካባቢው በሁሉም ማዕዘን ለሌላው ያጠጣል። 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንዲይዝ የተሠራው የርብ ግድብ የሚጠብቀው ከዚሁ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውና 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዘው የታላቁ ሕዳሴ ግድብም ከዚህ አፋፍ የሚወርደውን ውኃ ይቀበላል። ምሥራቅ ደቡብ ጎንደር የቤት ጣሪያ ነው ማለት ይቻላል። ጣሪያ ደግሞ ውኃ ያወርዳል እንጂ አያቁርም። የወረዳዎቹ ሥራም ጣሪያው ላይ የሚወድቀው ዝናብ ከመውረዱ በፊት ምን ያህሉን እዚያው ማስቀረት ይቻላል የሚለው ጥያቄ ነው።

ጥያቄው የእነዚህ ወረዳዎች ብቻ አይደለም። የዓለምን ውኃ በሙሉ በ200 ሊትር በርሜል ብንመስለው 195 ሊትሩ ጨዋማ የባሕር ውኃ ነው። ጨው የሌለበት 5 ሊትር ብቻ ነው። ከዚህም 5 ሊትር ሦስት ሊትር ተኩሉ ገደማ በዋልታዎችና በተራሮች ላይ በረዶ ሆኖ የተቀመጠ ነው፤ አንድ ሊትር ተኩሉ ከመሬት በታች ነው፤ አብዛኛውም በጥልቀት ላይ ይገኛል። በወንዝና በሐይቅ የሚታየው፣ ሰው ከብቱን የሚያጠጣበትና ማሳውን የሚያርስበት፣ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ አይበልጥም። የዓለም ሕዝብ ከወንዝ፣ ከሐይቅና ከጉድጓድ ከሚቀዳው ውኃ ደግሞ 70 በመቶ ያህሉን የሚወስደው ግብርና ነው። ስለዚህ ውኃ ሲያጥር ጫናው መጀመሪያ የሚያርፈው በአርሶ አደሩ ላይ ነው፤ ውኃ ሲባክንም መጀመሪያ ሊታይ የሚገባው ማሳው ነው።

ያችም ማንኪያ በእኩል አልተከፋፈለችም። የአማዞን ወንዝ ብቻውን በዓለም ወንዞች ወደ ባሕር ከሚገባው ውኃ ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን ይሸከማል፤ በዳርቻው የሚኖረው ሕዝብ ግን ጥቂት ነው። ከዓለም ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሚኖርባት እስያ የውኃ ድርሻዋ ከሕዝቧ ድርሻ በእጅጉ ያንሳል። ኢትዮጵያም “የአፍሪካ የውኃ ማማ” ተብላ ትጠራለች። በ12ቱ ተፋሰሶቿ በየዓመቱ የሚፈስሰው የገጸ ምድር ውኃ 122 ቢሊዮን ሜትር ኩብ እንደሚሆን ይገመታል። የ1976 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ሲካሄድ የአገሪቱ ሕዝብ ከ40 ሚሊዮን ጥቂት ከፍ ያለ ስለነበር ለአንድ ሰው በዓመት ወደ 3 ሺህ ሜትር ኩብ ይደርሰው ነበር። ዛሬ ሕዝቡ ከ120 ሚሊዮን ሲያልፍ ድርሻው ወደ 1 ሺህ ሜትር ኩብ ወርዷል። የዘርፉ ባለሙያዎች ለአንድ ሰው በዓመት ከ1 ሺህ 700 ሜትር ኩብ በታች የደረሰውን አገር የውኃ ውጥረት ያለበት፣ ከ1 ሺህ በታች የወረደውን ደግሞ የውኃ እጥረት ያለበት ይሉታል። ውኃው አልቀነሰም፤ ተካፋዩ በዛ። ከዚህም በላይ ውኃው የሚመጣው በዓመት ውስጥ በሦስትና በአራት ወር ነው፤ የቀሩት ወራት በዚያ በሰነበተው ይገፋሉ።

ወደ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ማሳ ስንመለስ ቀላል ስሌት መሥራት ይቻላል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወድቅ አንድ ሊትር ነው። በአንድ ዓመት 900 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ በአንድ ሄክታር ማሳ ላይ የሚወድቀው 9 ሺህ ሜትር ኩብ ወይም 9 ሚሊዮን ሊትር ውኃ ነው። አንድ ሄክታር ስንዴ ከቡቃያ እስከ አዝመራ የሚፈልገው ከ4 ሺህ 500 እስከ 6 ሺህ 500 ሜትር ኩብ ነው። በቁጥሩ ብቻ ከሆነ ዝናቡ ይበቃል፤ ይተርፋልም። ታዲያ አርሶ አደሩ ሰብሉ ሲጠወልግ የሚያየው ስለምንድን ነው? ዝናቡ ዘግይቶ ስለሚገባና ፍሬው ሳይሞላ በነሐሴ መጨረሻ ወይም በመስከረም መባቻ ስለሚያቋርጥ ነው። በሐምሌ የወረደው ደግሞ በተራቆተው ተዳፋት ላይ አልቆይ ብሎ አፈሩን ይዞ ዓባይ ገብቷል። የእነዚህ ወረዳዎች ችግር በአብዛኛው የዝናብ ማነስ ብቻ ሳይሆን ዝናቡ ማሳው ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ማጠር ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ግድብ አፈሩ ራሱ ነው። ፍግና ኮምፖስት የገባበት፣ እርከን የተሠራለት፣ ከልቅ ግጦሽ የተጠበቀ ማሳ ውኃውን ወደ ውስጥ ይስባል፤ ዝናቡ ሲያቋርጥም ለጥቂት ቀናት ሰብሉን ይዞ ያቆየዋል። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በየበጋው የሚካሄደው የተፋሰስ ልማት ንቅናቄ፣ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮም በሴፍቲኔት የሕዝብ ሥራ የተሠሩት እርከኖች፣ ትሬንቾችና ክትሮች የዚህ ሥራ አካል ናቸው። በትግራይ የአብርሃ ወአጽብሓ ቀበሌ አርሶ አደሮች የተራቆተውን ተራራ ከልለውና ክትር ሠርተው የደረቁ ጉድጓዶቻቸው ውኃ እንደገና ማግኘታቸው፣ ለዚህም በ2004 ዓ.ም. ዓለም አቀፍ ሽልማት መሸለማቸው ሥራው ውጤት እንዳለው ያሳያል። በቡርኪና ፋሶም ከጋይንት ያነሰ ዝናብ የሚያገኙ አርሶ አደሮች ማሳቸው ላይ ትናንሽ ጉድጓዶች ቆፍረው ፍግ በመጨመር በደረቀ መሬት ላይ ማሽላ ያበቅላሉ።

ይሁን እንጂ እርከኑ በጥር ተሠርቶ በሰኔ ከብት የሚለቀቅበት ከሆነ ድካሙ ከንቱ ነው። በየዓመቱ ሪፖርት ላይ የሚቀርበው የተሠራው እርከን ርዝመት ነው። ካምናው እርከን ስንቱ ቆሟል፣ ከተፋሰሱ በታች ያለው ምንጭ ስንት ሳምንት ጨምሮ ቆየ የሚለው ግን በብዙ ሪፖርት ላይ አይገኝም። የሚለካው ነገር ቢቀየር ሥራውም ይቀየራል።

ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ውድ አይደለም። በእያንዳንዱ ቤት ያለው ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና በኪስ ያለው ስልክ ይበቃል። ምንጩ በቧንቧ ወይም በአሸንዳ እንዲወርድ ተደርጎ ጀሪካኑ ለመሙላት የወሰደበት ጊዜ ይቆጠራል። በ20 ሰከንድ ከሞላ ምንጩ በሰከንድ አንድ ሊትር ይሰጣል፤ በ40 ሰከንድ ከሞላ ግማሽ ሊትር ነው። ይህ መለኪያ ትርጉም የሚኖረው ግን በክረምት ማግሥት ሳይሆን ውኃው እጅግ በሚያንስበት በሚያዝያ ሲሠራ ነው። በጥቅምት ተለክቶ የታቀደ መስኖ በመጋቢት አርሶ አደሩን አሳፍሮ ማሳ ላይ ይተወዋል።

በሰከንድ አንድ ሊትር የሚሰጥ ምንጭ በ24 ሰዓት 86 ሺህ 400 ሊትር ያፈልቃል። በአገሪቱ የገጠር መጠጥ ውኃ መስፈርት መሠረት ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ቢመደብ ይህ ምንጭ ለ3 ሺህ 450 ሰው ይበቃል። ያው ምንጭ ለመስኖ ቢውል በአራት ወር ወደ 10 ሺህ 400 ሜትር ኩብ ይሰጣል፤ በአፈር ቦይ ሲሄድ ግማሹ ሰርጎና ተንኖ ቢቀር ከ5 ሺህ ብዙም የማይበልጥ ይተርፋል። ይህ አንድ ሄክታር ስንዴ ቢያበቅል ነው። በአንድ በኩል የአንድ ሄክታር ስንዴ፣ በሌላ በኩል የ3 ሺህ ሰው የመጠጥ ውኃ ማለት ነው። ምንጩ ያልተለካበት ቀበሌ ይህን ምርጫ ሳያውቀው ይመርጣል።

ሕጉ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። የኢትዮጵያ የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ከሁሉም የውኃ አገልግሎቶች ቅድሚያ የሚሰጠው ለመጠጥና ለቤት ፍጆታ ነው። የበጋ መስኖ ስንዴ በአገር ደረጃ ትልቅ ተስፋ የተጣለበት ሥራ ነው፤ ወንዝ ባለበትና ሜዳ ባለበት ስፍራም ፍሬው ታይቷል። ነገር ግን የፎገራ ሜዳና የስማዳ አፋፍ አንድ አይደሉም። ለዞን የተሰጠው ሄክታር ለወረዳ፣ ለወረዳ የተሰጠው ለቀበሌ እኩል ሲከፋፈል ውኃው አብሮ አይከፋፈልም። ውኃ የሌለበት ቀበሌ ስንዴ እንዲዘራ ሲገደድ ከመጠጥ ምንጩ መውሰዱ አይቀርም፤ ወይም ደግሞ ያልለማው መሬት ለምቷል ተብሎ ይጻፋል። ሁለቱም አገርን አይጠቅሙም። እቅዱ ከውኃው መጠን ተነሥቶ ወደ ላይ ይውጣ እንጂ ከላይ ወርዶ ውኃ አይፈልግ። የውኃው መጠን ትንሽ በሆነበት ቀበሌ ደግሞ ሄክታሩ ቢያንስም በትንሽ መሬት ላይ ጥሩ ዋጋ የሚያወጣ ሽንኩርት፣ ድንች ወይም ጎመን ለቤተሰቡ ገንዘብም ምግብም ይሆናል።

የውኃ መሳቢያ ሞተር መስፋፋትም ሌላ ጥያቄ ይዞ መጥቷል። ሞተር ያለው አርሶ አደር ከላይ ሲስብ ወንዙ ታች ሳይደርስ ይደርቃል። ሞተር የገዛው ሰው ገንዘቡን አውጥቶ ሠርቷል፤ ታች ያለውም ለዘመናት የተጠቀመበት ውኃ ተቋርጦበታል። ሁለቱም የሚናገሩት እውነት ነው፤ ለዚህም ነው ጠቡ በቀላሉ የማይበርደው። ቀድሞ በየቦዩ “የውኃ አባት” የሚባል ተመርጦ ተራ ያወጣ ነበር፤ ተራውን ያለፈ ሰው በሽማግሌ ፊት ይቀርብ ነበር። ያ ልማድ ባለበት ሊጠናከር፣ በሌለበት ሊመለስ ይገባል። አዋጅ ቁጥር 841/2006ም የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት ሕጋዊ ሰውነት አግኝተው ውኃውን ራሳቸው እንዲያስተዳድሩ በር ከፍቷል። ማኅበሩ በወረቀት ብቻ ከቆመ ግን ተራውን የሚያወጣው የሞተሩ ጉልበት ይሆናል። በሕንድ ፑንጃብ አርሶ አደሩ ሁሉ በየማሳው ጉድጓድ ቆፍሮ ያለ ገደብ ሲስብ የከርሰ ምድር ውኃው ከዓመት ወደ ዓመት እየራቀ ሄዷል፤ ዛሬ ጥልቅ መቆፈር የሚችለው ያገኛል፤ የማይችለው ይቀራል። እዚህ ደረጃ ላይ ሳይደረስ መስማማት ይሻላል።

ስለ ኩሬም ሳይነገር የማይታለፍ ትምህርት አለ። በ1995ቱ ድርቅ ማግሥት በክልሉ የቤተሰብ ኩሬ በዘመቻ ተቆፍሮ ነበር። ብዙው ውኃ አልያዘም፤ አንዳንዱ ሰርጎ፣ አንዳንዱ በደለል ተሞልቶ፣ ሌላው የወባ ትንኝ መራቢያ ሆኖ ተትቷል። አርሶ አደሩ ከዚያ ወዲህ ኩሬ ሲባል ፊቱን ቢያዞር አይፈረድበትም። የተሳሳተው ግን የኩሬው ሐሳብ ሳይሆን አሠራሩ ነበር። የአፈሩ ዓይነት ሳይታይ፣ ደለል ማጣሪያ ሳይሠራለት፣ ለምን አገልግሎት እንደሚውል ሳይወሰን ቁጥር ለመሙላት ተቆፈረ። 100 ሜትር ኩብ የሚይዝ ኩሬ በጋውን ሙሉ አትክልት አያለማም፤ ጸሐይም በበጋው ከግማሽ ሜትር በላይ ጥልቀት ያተንነዋል። ያው ኩሬ ግን በመስከረም ዝናቡ ሲያቋርጥ ለሩብ ሄክታር ማሳ የ40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ያህል አንድ ጊዜ ያጠጣል። ፍሬ ሊሞላ ለተቃረበ ጤፍ፣ ስንዴ ወይም ቦለቄ ያች አንዲት ውኃ ባዶ እጅ በመቅረትና አዝመራ በማስገባት መካከል ያለች ልዩነት ልትሆን ትችላለች። ጂኦሜምብሬን የተነጠፈለት፣ የታጠረና ደለል ማጣሪያ ያለው አንድ ኩሬ ከተተዉ አሥር ጉድጓዶች ይበልጣል።

ከምንጩ ሌሊት የሚፈስሰውም ውኃ አለ። በሰከንድ አንድ ሊትር የሚሰጥ ምንጭ ሌሊቱን ብቻ ከ43 ሺህ ሊትር በላይ ለማንም ሳይጠቅም ያፈስሳል። የሌሊቱን ውኃ የሚይዝ ገንዳ በሲሚንቶና በድንጋይ ቢሠራ የጠዋቱ ወረፋ ያጥራል፤ ከመጠጥ የተረፈው ለከብትና ለጓሮ ይሆናል።

ጣሪያም እንዲሁ። 40 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው የቆርቆሮ ቤት 900 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲያገኝ ከብክነቱ ተርፎ ወደ 28 ሺህ ሊትር ውኃ ሊሰበስብ ይችላል። አምስት ሰው ያለበት ቤተሰብ በቀን 125 ሊትር ቢጠቀም ይህ ከሰባት ወር በላይ የሚዘልቅ ውኃ ነው። ይህን ሁሉ የሚይዝ ማጠራቀሚያ ለአንድ አርሶ አደር ውድ መሆኑ እውነት ነው። የትምህርት ቤቱ፣ የጤና ኬላውና የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጣሪያ ግን የመንግሥት ነው፤ አሸንዳና ገንዳ በመሥራትም መጀመር ያለበት እዚያ ነው። ተማሪ በውኃ ጥም ከክፍል በሚቀርበት ትምህርት ቤት ጣሪያ ላይ የወረደው ዝናብ ግቢውን ሸርሽሮ ሲሄድ ማየት የሚያስወቅሰው ወረዳውን ነው።

በመጨረሻ የምንጮቹ ራስ ጉዳይ አለ። ባሕር ዛፍ ለደቡብ ጎንደር አርሶ አደር ባንክ ነው፤ ልጅ ያስተምራል፣ ቤት ይሠራል፣ የክፉ ቀን ዕዳ ይከፍላል። ማንም ተነሥቶ ንቀል ሊለው አይገባም። ነገር ግን ሥሩ ውኃ ፍለጋ ወደ ታች የሚወርድ ዛፍ በምንጭ ራስ ላይ ሲተከል የባለቤቱን ኪስ ሞልቶ የመንደሩን ጀሪካን ያጎድላል። ከምንጩ ራስ ርቆ ደረቅ ተዳፋት ላይ ቢተከል ግን ሁለቱም ይኖራሉ። በየወረዳው ካሉት አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ ዙሪያቸውን በጽድ፣ በወይራና በዋንዛ የከበቡት አባቶች ጥላና ክብር ብቻ አላተረፉም፤ በደኑ ሥር ያለው መሬት ዝናቡን ሲቀበል ከደጁ ውጭ ያለው የተራቆተ መሬት ሲያፈስሰው ማንም ያያል። የምንጩ ራስ በዚያው ልማድ ቢከበር፣ ለባሕር ዛፉ ባለቤትም ምትክ ቦታ ቢሰጠው፣ መንደሩ ተስማምቶ ይቀበለዋል።

ለወረዳ አመራሩ ይህ ሁሉ ተጨማሪ በጀት ከመጠየቁ በፊት ተጨማሪ ጥንቃቄ ይጠይቃል። እያንዳንዱ ቀበሌ ምንጮቹን በሚያዝያ ለክቶ በመዝገብ ይያዝ፤ መጀመሪያ የመጠጡና የከብቱ ድርሻ ይቀነስ፤ ከተረፈው የመስኖው ሄክታር ይታቀድ። የግብርና ባለሙያውም በስንት ሜትር እርከን ብቻ ሳይሆን ካምናው ዘንድሮ ምንጩ ስንት ሊትር ጨመረ በሚለው ይመዘን። ውኃ ጽሕፈት ቤቱና ግብርና ጽሕፈት ቤቱ አንዱን ምንጭ ለየብቻ የሚያቅዱበት አሠራር በአንድ መዝገብ ይተካ። ለአርሶ አደሩም የተሠራለትን እርከን ከከብት መጠበቅ፣ ተራውን ማክበርና የውኃ አባቱን መስማት የራሱ ድርሻ ነው፤ ይህን ማንም ከላይ መጥቶ አይሠራለትም።

አምስት ሰው ያለበት ቤተሰብ በቀን 125 ሊትር ለማግኘት ስድስት ጊዜ ያህል ባለ 20 ሊትር ጀሪካን መሸከም አለበት። ምንጩ የአንድ ሰዓት ደርሶ መልስ ከሆነ የእናቲቱ ወይም የልጅቷ ስድስት ሰዓት እዚያ ይቀራል፤ ስለዚህም ቤቱ በስድስቱ ፋንታ በሁለትና በሦስት ጀሪካን ይኖራል፤ ልጅቷም ከትምህርት ትቀራለች። ዓባይ ከአፋፉ ሥር ይህን ሳያይ ያልፋል። የሚመጣው ክረምት ውኃም ያው መንገዱን ያውቀዋል። እስከዚያ ባሉት ቀናት ጀሪካኑን ከምንጩ ሥር አስቀምጦ ሰከንዱን መቁጠር ማንንም አይከብድም፤ የሚከብደው ሳይቆጥሩ ማቀድ ነው።